ቱቦው ቢሰበር ቤቱ እንዳይሰበር

ቤት ያለው ሰው ሁሉ በዓይኑ የሚያየውን የቤቱን ክፍል ይጠብቃል። ጣራው ሲያፈስ ያስጠግናል፤ ግድግዳው ሲቆሽሽ ቀለም ያስቀባል፤ የበሩ ማጠፊያ ሲላላ ያጠብቃል። ከመሬት በታች ተቀብሮ ክረምት ከበጋ የሚያገለግለውን የውሃ መውረጃ ቱቦ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ቱቦው የሚታወሰው በተሰበረ ቀን ነው። በዚያም ቀን ባለ ቤቱን ሁለት ነገር በአንድነት ይገጥመዋል፤ አንደኛው የውሃው ጉዳት ሲሆን፥ ሁለተኛው የገንዘቡ ጭንቀት ነው። ከሁለቱም ቤተሰብን አብልጦ የሚጐዳው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። የውሃው ጉዳት ቱቦው ሲጠገን ያበቃል፤ በጭንቀት የተፈረመ የብድር ውል ግን ለብዙ ዓመት ከቤት አይወጣም።

በዚህ ወር ይህን ጉዳይ ያነሣነው በአሜሪካ አገር ቤት ገዝተው የሚኖሩትን ወገኖቻችንን በማሰብ ነው። በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ፥ በሜሪላንድ በሞንትጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች፥ በቨርጂኒያም በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ፥ አያሌ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በብዙ ድካም ባለ ቤት ሆነዋል። ከገዟቸውም ቤቶች መካከል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዐሥርተ ዓመታት የተሠሩ ይገኛሉ። በእነዚህ ቤቶች መኪና ከመንገድ ወደ ግቢ የሚገባበት መንገድ ብዙ ጊዜ በጐርፍ ቦይ ላይ ያልፋል፤ ውሃውም ከመግቢያው ሥር በተቀበረ ቱቦ ይሻገራል። ቤት ሲገዛ ሁሉም ወጥ ቤቱንና መኝታ ቤቱን ይመለከታል፤ የቱቦውን ዕድሜ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

ልንናገረው የምንሻው ነገር አንድ ነው። ለእንዲህ ያለው ጥገና የሚሆን ርዳታ አለ፤ ነገር ግን ርዳታው ተራ አለው። ተራውን ጠብቆ የሚጠይቅ ሰው በጥቂት ወጪ ይገላገላል፤ ተራውን የሚያፋልስ ሰው ግን ለአንድ ቱቦ ሲል ቤቱን ያህል ነገር መያዣ እስከ ማድረግ ይደርሳል። ተራውም ይህ ነው፤ አስቀድሞ ብልሽቱን ማወቅ፤ ቀጥሎ ቱቦው የማን እንደ ሆነ መጠየቅ፤ ከዚያ በኋላ የማይመለሰውን ገንዘብ መፈለግ፤ በመጨረሻም፥ ሌላ መንገድ ከጠፋ፥ መበደር ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንነሣ። ቱቦ በብዙ ምክንያት ይበላሻል። በሽንሽን ብረት የተሠራው የቀድሞ ዘመን ቱቦ ውሃ ዘወትር በሚተኛበት በታችኛው ጎኑ ይዝጋል፤ ሆዱ ተበልቶ ያልቃል። የሸክላው ቱቦ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም የዛፍ ሥር ይገባበታል። የፕላስቲኩም ቱቦ ቢሆን በላዩ ያለው አፈር ጥቂት ከሆነ ከባድ መኪና ሲያልፍበት ይጨፈለቃል። የቱቦው መጋጠሚያ ሲላቀቅ ደግሞ በዙሪያው ያለው አፈር በየዝናቡ ወደ ውስጥ እየገባ ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ ከአስፋልቱም በታች ባዶ ዋሻ ይፈጠራል። ከላይ ሲያዩት ደህና የሚመስለው መግቢያ አንድ ቀን በመኪና ሸክም ድንገት የሚሰጥመው ስለዚህ ነው። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ምልክቱን ማወቅ አያስቸግርም። ዝናብ ካባራ በኋላ ውሃው ከመግቢያው በላይ ባለው ቦይ ውስጥ ተኝቶ ቢቀር፥ በቱቦው መውጫ በኩል ጭቃ የተቀላቀለበት ውሃ ቢወርድ፥ በአስፋልቱ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ወይም ስምጠት ቢታይ፥ በምድር ቤቱም ግድግዳ ላይ አዲስ እርጥበት ቢወጣ፥ ቱቦውን መመርመር ያስፈልጋል። ነገር ግን የተደፈነ ቱቦ ሁሉ የተሰበረ አይደለም። የቱቦውን አፍ ከቅጠልና ከደለል ማጽዳት ብቻውን የሚበቃበት ጊዜ አለ። ከዚያ የሚያልፍ ከሆነ በኃይለኛ ውሃ የሚያጥቡ፥ ትንሽ ካሜራም ወደ ውስጥ ሰደው የሚያዩ ባለሙያዎች አሉ። ካሜራው ያነሣውን ሥዕል ባለ ቤቱ ጠይቆ መቀበል ይገባዋል፤ ምክንያቱም ርዳታ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም፥ ሌላ ዋጋ የሚያቀርበው ሠራተኛም የሚጠይቁት ማስረጃ ይኸው ነው። ብልሽቱ ከታወቀ በኋላ መድኀኒቱ ይለያያል። አንዳንዱ ቱቦ ከውስጥ አዲስ ሽፋን ተደርጎለት ይድናል፤ አንዳንዱም ተቆፍሮ መለወጥ አለበት። ሳይመረመር «ሁሉም ይቆፈር» የሚል ሰው ቢመጣ፥ ከእርሱ ጋር ከመዋዋል በፊት የሌላ ባለሙያ ቃል መስማት ብልህነት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፥ ቱቦው የማን ነው? የሚለው ነው። ብዙ ሰው ቱቦው በግቢው አጠገብ ስላለ ብቻ የራሱ ነው ብሎ ይቀበላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ከመንገድ ዳር ያለው መሬት፥ ሣሩን ባለ ቤቱ ቢያጭደውም፥ ብዙ ጊዜ የመንገዱ ይዞታ ነው። በዚያ ይዞታ ውስጥ ያለውን ቱቦ በአንዳንዱ ካውንቲ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ይጠግናል፤ በሌላው ካውንቲ ደግሞ ባለ ቤቱ ራሱ እንዲጠግን ሕጉ ያዝዛል፤ ቱቦውን ባለ ቤቱ ሲገዛ የመትከሉን ሥራ መሥሪያ ቤቱ የሚሠራበት ስፍራም አለ። ከጣራና ከግቢ የሚወርደውን ውሃ ወደ መንገድ የሚያወጣው፥ በግቢው ውስጥ የተቀበረው ቱቦ ግን አብዛኛውን ጊዜ የባለ ቤቱ ነው። ስለዚህ አንድ ሳንቲም ከመክፈል አስቀድሞ የቤቱን የመሬት ፕላን ይዞ ወደ ካውንቲው ወይም ወደ ስቴቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይገባል። መልሱንም በቃል ብቻ መቀበል አይበቃም፤ በጽሑፍ ይሰጠኝ ማለት መብት ነው። ቱቦው የመንግሥት ሆኖ ከተገኘ፥ ከርዳታ ሁሉ የሚበልጠው ርዳታ ተገኘ ማለት ነው።

ቤቱ የባለ ቤቶች ማኅበር ባለበት ሠፈር ከሆነ ደግሞ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ማንበብ ያሻል። በየወሩ ከሚከፈለው መዋጮ የጋራ ቱቦዎችን የሚጠግኑ ማኅበራት አሉ። አንድ ቱቦ የሁለትና የሦስት ቤት ውሃ የሚያስተላልፍ ከሆነም ወጪውን ብቻ መሸከም ግድ አይደለም። በንብረቱ የባለ ቤትነት መዝገብ ላይ የተጻፈ የውሃ ማሳለፊያ ውል ሊኖር ይችላል፤ ውሉም ማን ምን ያህል እንደሚከፍል ይናገር ይሆናል። ውል ባይኖርም እንኳ ከጎረቤት ጋር በሰላም ተነጋግሮ ወጪን በጽሑፍ መካፈል ከክርክር ይሻላል። ውሃው ወደ ጎረቤት ይሂድ ብሎ ቱቦውን መድፈን ግን ከጎረቤትም፥ ከሕግም ጋር ያጣላል።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ኢንሹራንሱ መመልከት ነው። እዚህ ላይ ከንቱ ተስፋ እንዳይኖር አስቀድመን እንናገራለን። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ በእርጅናና በዝገት የመጣን ብልሽት አይከፍልም፤ ከመሬት መንሸራተትና ከጐርፍ የመጣውንም አብዛኛውን ጊዜ ከውሉ ውጭ ያደርገዋል። ነገር ግን ከዋናው ውል በተጨማሪ ጥቂት ክፍያ እየተከፈለበት የሚገባ፥ ከመሬት በታች ያሉ መስመሮችን የሚመለከት ልዩ ሽፋን አለ። ይህን ሽፋን የገባ ሰው በውሉ ውስጥ የዝናብ ውሃ መውረጃ ቱቦ ተጠቅሶ እንደ ሆነ ይመልከት፤ የመጠጥ ውሃውንና የቆሻሻውን መስመር ብቻ የሚሸፍን ውል አለና። ያልገባውም ሰው ቱቦው ደህና ሳለ ቢጠይቅ መልካም ነው፤ ከተሰበረ በኋላ የሚገባ ኢንሹራንስ የለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው የማይመለሰው ወይም ያለ ወለድ የሚገኘው ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. ባወጣው የቤቶችና የማኅበረሰብ ልማት ሕግ መሠረት ለከተሞችና ለካውንቲዎች የልማት ገንዘብ ያከፋፍላል። ብዙ ካውንቲዎችና ከተሞች ከዚህ ገንዘብ ከፍለው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ባለ ቤቶች የቤት ጥገና ርዳታ ይሰጣሉ። ደንቡ በየስፍራው ይለያያል፤ አንዱ ቦታ ጣራና ማሞቂያን ብቻ ሲጠግን፥ ሌላው ለጤናና ለደኅንነት አስጊ የሆነውን ሁሉ ይቀበላል። ስለዚህ አመልካቹ «ቱቦዬ አርጅቷል» ከማለት ይልቅ፥ የቱቦው መሰበር ያስከተለውን አደጋ በግልጽ መናገር አለበት፤ ይኸውም መግቢያው ሊሰጥም መቃረቡን፥ አምቡላንስ ወደ ቤቱ ሊደርስ አለመቻሉን፥ ውሃው ወደ ቤቱ መሠረት መሄዱን በፎቶግራፍ አስደግፎ ማስረዳት ነው።

ከእነዚህ ርዳታዎች አንዳንዶቹ ስማቸው ብድር ሆኖ ሳለ በየወሩ የማይከፈሉ ናቸው። ገንዘቡ በቤቱ ላይ ይመዘገባል፤ ባለ ቤቱ በቤቱ እስከ ኖረ ድረስ አይጠየቅም፤ ቤቱ በተሸጠ ጊዜ ግን ይመለሳል። ከተወሰነ ዓመት በኋላ ጨርሶ የሚሰረዝም አለ። ይህ ለአረጋውያን መልካም ነገር ነው፤ ሆኖም ልጆቻቸው አስቀድመው ይወቁት፤ ኋላ ቤቱን ሲወርሱ ያላሰቡት ዕዳ ተመዝግቦ ሲያገኙ ወላጆቻቸውን በከንቱ እንዳያሙ።

ከከተማ ርቀው በገጠርነት በተመዘገበ ስፍራ ለሚኖሩ ደግሞ የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት የገጠር ልማት ክፍል የሚሰጠው የቤት ጥገና ርዳታ አለ። ይህ ርዳታ በሕጉ ክፍል ቁጥር 504 ተብሎ ይጠራል። ገቢያቸው በመሥሪያ ቤቱ ሠንጠረዥ እጅግ ዝቅተኛ ከተባለው ወሰን ያላለፈ፥ በሌላ ስፍራም በሚችሉት ዋጋ ብድር ያላገኙ ባለ ቤቶች እስከ 40,000 ዶላር ድረስ በመቶ አንድ ወለድ ተበድረው በ20 ዓመት ይከፍላሉ። ዕድሜአቸው 62 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፥ ብድር ለመክፈልም ዐቅም የሌላቸው እስከ 10,000 ዶላር የማይመለስ ስጦታ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ስጦታውም ለጤናና ለደኅንነት አስጊ የሆነውን ነገር ለማስወገድ የሚውል ነው። ቤቱን በ3 ዓመት ውስጥ የሚሸጥ ሰው ግን ስጦታውን ይመልሳል። የሚኖሩበት ስፍራ በገጠርነት መመዝገቡን መሥሪያ ቤቱ በአድራሻ ፈልጎ ይነግራል፤ ከተማ የሚመስል ስፍራ ገጠር ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ስላለ፥ ሳይጠይቁ መተው አይገባም።

ሌላም መንገድ አለ፤ እርሱም የዝናብ ውሃን ለሚቀንስ ሥራ የሚሰጠው ተመላሽ ገንዘብ ነው። በዋሽንግተን ከተማ ሪቨርስማርት ሆምስ፥ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሬይንስኬፕስ፥ በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲም ሬይን ቼክ ሪቤት የተባሉ ፕሮግራሞች የተቋቋሙት ጐርፍ ወደ ወንዞች የሚያወርደውን ቆሻሻ ለመቀነስ ነው። የተሰበረ ቱቦ ለመለወጥ አይከፍሉም። ነገር ግን ውሃ የሚያሰርግ የመግቢያ ንጣፍ፥ የዝናብ ውሃ የሚጠጣ የአትክልት መደብ፥ ከጣራ የሚወርደውን ውሃ የሚቀበል በርሜልና ይህን የመሳሰለውን ይረዳሉ። መግቢያው ለቱቦው ተብሎ መቆፈሩ ካልቀረ፥ ተመልሶ ሲነጠፍ በዚህ ርዳታ ቢነጠፍ፥ ከወጪው ከፊሉ ይቀላል፤ ወደ አዲሱ ቱቦ የሚሄደውም ውሃ ይቀንሳል።

ቱቦው የተሰበረው በታላቅ ዐውሎ ነፋስ ወይም በጐርፍ ከሆነ፥ የአሜሪካ ፕሬዚዳንትም በዚያ ካውንቲ የአደጋ ዐዋጅ አውጀው ለግለሰቦች ርዳታ ፈቅደው እንደ ሆነ፥ ፊማ ለተባለው የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይቻላል። ፊማ ወደ ቤት የሚያስገባ ብቸኛ መንገድ ሲቋረጥ ለጥገናው የሚረዳበት ደንብ አለው። የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር የተባለውም መሥሪያ ቤት፥ ስሙ የነጋዴ ቢመስልም፥ በእንዲህ ያለ ጊዜ ለባለ ቤቶች የአደጋ ብድር ይሰጣል። ለማመልከት የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከዐዋጁ ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው፤ ስለዚህ ኢንሹራንሱ መልስ እስኪሰጥ ብሎ መዘግየት ጊዜውን ያሳልፋል። ርዳታው የሚሰጠው ግን አደጋው ላደረሰው ጉዳት ነው።

ለእነዚህ ርዳታዎች ሁሉ አንድ የጋራ ደንብ አለ ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ አብዛኛውን ጊዜ ማመልከቻው ሳይጸድቅ የተሠራ ሥራ አይከፈልበትም። ከአደጋ ጊዜው ርዳታ በቀር፥ ሠርቶ ደረሰኝ ይዞ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። በጀቱም በዓመቱ መካከል የሚያልቅበት ጊዜ አለና ቀድሞ ማመልከት ይበጃል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለው ብሂል ለዚህም ይሠራል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ፥ ብድር ይመጣል። ብድርና ብድር ግን አንድ አይደለም፤ ይህንንም በሒሳብ እናሳይ። ጥገናው 9,000 ዶላር ፈጀ እንበል። ይህ ገንዘብ በመቶ አንድ ወለድ፥ በ20 ዓመት የሚከፈል ቢሆን፥ የወሩ ክፍያ 41 ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ነው፤ በጠቅላላውም 10,000 ዶላር አይሞላም። ያው 9,000 ዶላር በመቶ 24 ወለድ በሚታሰብበት የዱቤ ካርድ ቢከፈል፥ የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 180 ዶላር ይሆናል። ባለ ቤቱ በየወሩ 200 ዶላር እየከፈለ ቢሄድ ዕዳው የሚያልቀው ከ9 ዓመት ከ8 ወር በኋላ ነው፤ የከፈለውም ገንዘብ ከ23,000 ዶላር ይበልጣል። ይህ ሰው ቱቦውን ሁለት ጊዜ ተኩል ገዛው ማለት ነው። ስለዚህ በወር ስንት እከፍላለሁ ብሎ ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ እስኪያልቅ ድረስ በጠቅላላው ስንት እከፍላለሁ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በመካከሉ ያለ ሌላ ብድር አለ። የፌዴራሉ የቤቶች አስተዳደር ለቤት ማሻሻያ የሚውል ብድር ለሚሰጡ ባንኮች ዋስ ይሆናል፤ ይህ ብድር ለአንድ ቤተሰብ ቤት እስከ 25,000 ዶላር ይደርሳል፤ እስከ 20 ዓመትም ሊከፈል ይችላል። ከ7,500 ዶላር የሚያልፈው ግን ቤቱን መያዣ ያደርጋል። የመንግሥቱ ዋስትና የሚጠብቀው አበዳሪውን እንጂ ተበዳሪውን አይደለም፤ ወለዱን የሚወስነው ባንኩ ስለ ሆነ፥ ከአንድ በላይ ባንክ መጠየቅ ይገባል።

ቤቱን ራሱን መያዣ በማድረግ የሚገኘው ብድር በወለዱ ከዱቤ ካርድ ይረክሳል፤ ነገር ግን የካርዱን ዕዳ መክፈል ያቃተው ሰው ስሙ ሲበላሽ፥ የዚህኛውን መክፈል ያቃተው ቤቱን ሊያጣ ይችላል። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች በ1968 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጡት የብድር ሕግ፥ የሚኖርበትን ቤት ለእንዲህ ያለው ብድር መያዣ ያደረገ ሰው ውሉን ለመሰረዝ 3 የሥራ ቀን እንዲያገኝ ያደረጉት ይህን አስበው ነው። ቤቱን ለመግዛት የተወሰደው ብድር ግን በዚህ መብት ውስጥ አይገባም። ሦስቱን ቀን ውሉን ቆልፎ በማስቀመጥ ማሳለፍ አይገባም፤ ቀኖቹ የተሰጡት ለማንበብና ለመማከር ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን የቆየ ልማድ ማስታወስ ተገቢ ነው። ዕቁብ በአሜሪካም አለ። 20 ሰዎች በየወሩ 500 ዶላር ቢጥሉ ባለ ዕጣው 10,000 ዶላር ያገኛል፤ ወለድ የለበትም፤ ቤትም አይያዝበትም። ማኅበርተኞቹ ቢስማሙ መግቢያው ለፈረሰበት ሰው ዕጣውን ያስቀድሙለታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መባሉ ይህ ነው። ነገር ግን ዕጣውን አስቀድሞ የበላ ሰው እስከ መጨረሻው መጣል አለበትና፥ የሚጣለው ገንዘብ ከወር ገቢው ጋር መመዛዘን አለበት፤ የዳኛውና የጸሐፊው መዝገብም በሥርዓት ይያዝ። ዕድር ግን በመጀመሪያ ለኀዘን የተቋቋመ ነው፤ ደንቡ ካልፈቀደ የኀዘኑን ገንዘብ ለጥገና ማዋል ሌላውን ኀዘንተኛ መበደል ይሆናል።

እስከ አሁን የተናገርነው ሁሉ ጊዜ ላለው ሰው ነው። አደጋው የሚመጣው ግን ጊዜ የለም በሚባልበት ሰዓት ነው። ባለቤታቸው ያረፉባቸው፥ ልጆቻቸውም በሌላ ስቴት የሚኖሩ አንዲት እናት እንበል። ከዝናብ በኋላ በመግቢያቸው ላይ ጉድጓድ ታየ። በማግሥቱ አንድ ሰው በራፋቸውን አንኳኩቶ፥ በአማርኛ ሰላምታ ሰጥቶ፥ «እማማ፥ የሌላ ዝናብ ቀን ሳይመጣ ዛሬውኑ ይፈርሙልኝ፤ ገንዘቡን እኛው እናበድርዎታለን፤ በወር ጥቂት ነው» አላቸው። እማማም የአገራቸውን ቋንቋ በመስማታቸው ልባቸው አረፈ፤ ወረቀቱ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ በአራተኛውም ገጽ ቤታቸው መያዣ መሆኑ ተጽፏል። ሰውየው ክፉ ላይሆን ይችላል። ሆኖም ዛሬ ካልተፈረመ የማይሆን ውል ለፈራሚው የሚጠቅም ውል መሆኑ ያጠራጥራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ ጉድጓዱን በእንጨት አጥሮ፥ መኪናን ወደ ሌላ ስፍራ አሳድሮ አንድ ሳምንት መታገሥ ብዙ ጊዜ ይቻላል።

የተፈረመም ቢሆን ገና ተስፋ አለ። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ፥ ሻጭ ወደ ቤት መጥቶ 25 ዶላርና ከዚያ በላይ ያዋዋለውን ነገር ገዢው እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ሊሰርዘው ይችላል፤ ቅዳሜ የሥራ ቀን ተብሎ ይቈጠራል፥ እሑድና የፌዴራል በዓላት ግን አይቈጠሩም። ስረዛውም በጽሑፍ ይሁን፤ በፖስታ ሲላክ የተላከበት ቀን ማስረጃ ይያዝ። አንድ ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባል፤ ባለ ቤቱ ራሱ ሠራተኛውን ለአስቸኳይ ጥገና ጠርቶ፥ «የመሰረዝ መብቴን ትቻለሁ» ብሎ በእጁ ጽሕፈት ጽፎ ከፈረመ፥ ይህ መብት ይቀርበታል። እንዲህ ያለውን ቃል ጻፉ የሚል ሰው ሲመጣ፥ ብዕሩን አስቀምጦ ለምን እንደ ሆነ መጠየቅ ነው።

ሠራተኛውን በመምረጥም ሕጉ ይረዳል። በሜሪላንድ የቤት ጥገና የሚሠራ ተቋራጭ ከስቴቱ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ከውሉ ዋጋ ከሢሶ በላይ ቀብድ መቀበልም በሕግ ተከልክሏል። ፈቃድ ያለው ተቋራጭ ሥራውን ቢያበላሽ ወይም ትቶ ቢሄድ፥ የተጐዳው ባለ ቤት ለኮሚሽኑ የዋስትና ገንዘብ እስከ 30,000 ዶላር ድረስ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ፈቃድ የሌለውን ሰው በርካሽ ያሠራ ባለ ቤት ግን ይህ በር ይዘጋበታል። ደግሞም ከመቆፈሩ በፊት ወደ 811 ስልክ መደወል ግዴታ ነው፤ የጋዝና የመብራት መስመር የሚያልፍበትን ስፍራ ያለ ዋጋ መጥተው ምልክት ያደርጋሉ። በመንገዱ ይዞታ ውስጥ ለሚሠራው ሥራም የመንገድ መሥሪያ ቤቱን ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ የተቀበረ ቱቦ እንደ ገና እንዲወጣ ሊታዘዝ ይችላል።

ቋንቋ ያስቸገራቸውም ዝም ብለው እንዳይቀሩ እንመክራለን። በዋሽንግተን ከተማ በ2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ሕዝብን የሚያገለግሉ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያዝዛል፤ አማርኛም አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በሌሎቹም ካውንቲዎች አስተርጓሚ ይጠራልኝ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ልጆችም ለወላጆቻቸው ሲያስተረጉሙ «ምንም አይደለም፥ ይፈርሙ» ብለው አያሳጥሩ። የወለዱን መጠን፥ የክፍያውን ዘመን፥ ጠቅላላውን ዕዳ፥ ቤቱም መያዣ መሆን አለመሆኑን፥ እነዚህን አራት ነገሮች በአማርኛ በወረቀት ጽፈው ለአባታቸውና ለእናታቸው ይስጡ። የተማረ ልጅ ለቤቱ ከሚሰጠው አገልግሎት ሁሉ ይህ ከታናሾቹ አይቈጠርም።

ቤተሰብ ሁሉ ቱቦው ደህና ሳለ ሊያዘጋጀው የሚገባ አንድ አቃፊ አለ። በውስጡም የመሬቱ ፕላን፥ የባለ ቤትነቱ ወረቀት፥ የኢንሹራንሱ ውል፥ የባለ ቤቶች ማኅበር ካለ ደንቡ፥ ያለፈው ዓመት የግብር ወረቀትና የገቢ ማስረጃ ይቀመጡ። ብልሽት በደረሰ ጊዜ ፎቶግራፎቹ፥ ከሁለትና ከሦስት ተቋራጭ የመጡ የዋጋ ማቅረቢያዎች፥ ከመሥሪያ ቤት የተሰጡ መልሶችም ከቀናቸው ጋር ይጨመሩበታል። ርዳታ ጠያቂ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ችግረኛ ስላልሆነ ሳይሆን ወረቀቱ ስለ ጐደለ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜም፥ ቅጠል ከረገፈ በኋላና በረዶ ከቀለጠ በኋላ፥ የቱቦውን አፍና መውጫ ወርዶ ማየት ዋጋ አያስከፍልም።

ቤት ለብዙዎቹ ወገኖቻችን የሃያና የሠላሳ ዓመት የሌሊት ሥራና የእሑድ ፈረቃ ውጤት ነው። ቱቦ ግን ቱቦ ነው፤ ይሰበራል፤ ይለወጣል። ሁለቱን አንድ ዋጋ አድርጎ በአንድ ወረቀት ላይ የሚያስፈርም ሰው ሲመጣ፥ በራፉ ላይ ቆሞ «ነገ ከልጆቼ ጋር ተማክሬ እመልስልዎታለሁ» ማለት ይበቃል። በማግሥቱም ወደ ካውንቲው የመንገድ መሥሪያ ቤት ተደውሎ አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፤ «ከመግቢያዬ ሥር ያለው ቱቦ የማን ነው?»